የመራጮች ውሳኔ ሥነ ልቦና

የመራጮች ውሳኔ ሥነ ልቦና ሰዎች ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ፣ ከዚያም በፊት ድምፅ ለመስጠት ከቤታቸው ይውጡ ወይም ይቅሩ እንደሆነ እንዴት እንደሚወስኑ የሚመረምር የጥናት መስክ ነው። የፖለቲካ ሳይንስ፣ የማኅበራዊ ሥነ ልቦናና የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይሠሩበታል። መራጩን «ለምን እሱን መረጥክ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልስም አይጠፋም። የመስኩ ትልቁ ችግር ያለው እዚሁ ላይ ነው፦ የተሰጠው ምክንያት ውሳኔውን የወለደ ይሁን ወይም ከውሳኔው በኋላ የተበጀ፣ መራጩ ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ጥናቱ ዛሬ በያዘው መልክ የተጀመረው በ1940 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኢሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ፣ ሩዝቬልትና ዊልኪ በተፎካከሩበት የፕሬዚዳንት ምርጫ 600 ያህል ነዋሪዎችን ከግንቦት እስከ ኅዳር ደጋግመው እየተመላለሱ ጠየቁ። ላዛርስፌልድ ቀደም ሲል ሸማቾች ዕቃ እንዴት እንደሚመርጡ ያጠና ሰው ነበር፤ መራጩንም እንደ ገበያተኛ እያማረጠ ሊያገኘው ይጠብቅ ነበር። ያገኘው ግን አብዛኛው ሰው በግንቦት የያዘውን ይዞ ኅዳር መድረሱን ነው። ጋዜጣውና ሬዲዮው በዋናነት የሠሩት የነበረውን አቋም ማጽናት ነበር፤ ሐሳባቸውን በቀየሩት ላይ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ የቅርብ ሰው ንግግር ይበረታ ነበር። የሚገርመው፣ እስከ መጨረሻው ያመነቱት ጉዳዩን በጥሞና የሚያመዛዝኑት አልነበሩም። ለምርጫው ብዙም ግድ የሌላቸው ነበሩ።

የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ አንገስ ካምቤል፣ ፊሊፕ ኮንቨርስ፣ ዋረን ሚለርና ዶናልድ ስቶክስ በ1960 ባሳተሙት ሥራ ለዚህ ጽናት ስም ሰጡት፦ ከፓርቲ ጋር ራስን ማስተሳሰር። ይህ ትስስር ብዙውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ፣ ከአቋም ይልቅ ለማንነት የቀረበ ነገር ነው። አንዴ ከተያዘ በኋላ መራጩ ዜናውን፣ ዕጩውንና የኢኮኖሚውን ሁኔታ የሚያየው በእሱ በኩል ነው። ጄፍሪ ኮኸን በ2003 ባሳተመው ሙከራ፣ የአሜሪካ ተማሪዎች ስለ ድጎማ የቀረበላቸውን ፖሊሲ የደገፉት ወይም የነቀፉት ይዘቱ ለጋስ ወይም ቆጣቢ ስለሆነ አልነበረም። የወሰነው የገዛ ፓርቲያቸው ደግፎታል መባሉ ነበር። እነሱ ግን ይህን አልተቀበሉም። ሌሎች፣ በተለይ የተቃራኒው ወገን ሰዎች፣ በፓርቲያቸው ሊመሩ እንደሚችሉ ግን አልተጠራጠሩም።

ይህን ሁሉ እንደ ስንፍና ማየት ይቀናል፤ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው አንቶኒ ዳውንስ ግን በ1957 ሌላ መንገድ አሳየ። አንድ ድምፅ የምርጫን ውጤት የሚገለብጥበት ዕድል እጅግ ጠባብ ከሆነ፣ የፓርቲዎችን ፕሮግራም ለማጥናት ሳምንታት ማጥፋት ሒሳብ አያዋጣም። ስለዚህ መራጩ በአቋራጭ ይሄዳል። የፓርቲ ስም አንዱ አቋራጭ ነው። የሚያምነው ሰው ድጋፍ ሌላው ነው። ያለፈው ጊዜ እንዴት ነበር የሚለውም አለ፦ ኑሮ ከተሻሻለ በሥልጣን ላይ ያለውን ማስቀጠል፣ ከከፋ መቅጣት። ዶናልድ ኪንደርና ሮደሪክ ኪዊየት በ1981 እንዳሳዩት፣ እዚህ ላይ ሚዛን የሚደፋው የራስ ኪስ ሳይሆን የአገሪቱ ኢኮኖሚ እንዴት እየሄደ ነው የሚለው ግምት ነው። ይህ ግምት ግን ትዝታው አጭር ነው፤ የመንግሥት ዘመን አራት ዓመት ቢሆንም የሚመዘነው በአብዛኛው የመጨረሻው ዓመት ነው። መራጮች መንግሥትን በሻርክ ጥቃት ወይም በአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሽንፈት ጭምር ይቀጣሉ የሚሉ ግኝቶችም ብዙ ተወርቶላቸዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ደግመው ሲፈትሹ ግን ስላልጸኑ፣ እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ማስረጃ ባይጠቀሱ ይሻላል።

የዳውንስ ሒሳብ አንድ ነገር አይመልስም፦ ድምፁ ለውጥ ካላመጣ፣ ሰው ለምን ይሰለፋል? ዊልያም ራይከርና ፒተር ኦርደሹክ በ1968 የዜግነት ግዴታ ስሜትን በሒሳቡ ላይ ጨመሩ። ከዚያ የበለጠ የሚናገረው ግን በነሐሴ 2006 በሚቺጋን የተደረገው የአለን ገርበር፣ የዶናልድ ግሪንና የክሪስቶፈር ላሪመር ሙከራ ነው። በዚያ ግዛት ለማን እንደተመረጠ ምስጢር ነው፤ ማን ወጥቶ እንደመረጠና ማን እንደቀረ ግን በይፋ መዝገብ ይገኛል። ተመራማሪዎቹ ለአንዳንድ ቤተሰቦች የእነሱንና የጎረቤቶቻቸውን ያለፈ ተሳትፎ የሚዘረዝር ደብዳቤ ላኩ፤ ከምርጫው በኋላ የታደሰ ዝርዝር እንደሚልኩም አሳወቁ። ምንም ካልደረሳቸው ሰዎች መካከል 29.7 በመቶው ሲመርጡ፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሳቸው 37.8 በመቶው መረጡ። በፖስታ ለተላከ አንዲት ወረቀት ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ በደብዳቤው ላይ ስለ ዕጩዎች አንድም ቃል አልነበረም።

የዓይን ፍርድም የራሱ ድርሻ አለው። አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ በ2005 እንዳሳተሙት፣ ተሳታፊዎች የማያውቋቸውን የሁለት ዕጩዎች ፎቶ ለአንድ ሰከንድ ብቻ አይተው «ብቁ ይመስላል» ያሉት ዕጩ፣ 70 በመቶ ገደማ በሚሆኑት የአሜሪካ ሴኔት ውድድሮች ያሸነፈው ሆኖ ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ በስዊዘርላንድ ልጆች «መርከብህን ለማን ታስነዳዋለህ?» ተብለው የፈረንሳይ ፓርላማ ዕጩዎችን ፎቶ ሲያዩ ተቀራራቢ ውጤት ወጣ። ይህ ግን ፊት ምርጫን ይወስናል ማለት አይደለም። የመልክ ኃይል የሚበረታው ስለ ፖለቲካ ጥቂት በሚያውቁና ቴሌቪዥን አብዝተው በሚያዩ መራጮች ላይ ነው። በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ስሙ ከሁሉ በፊት የሰፈረ ዕጩ የሚያገኛት ትንሽ ትርፍም እንዲሁ ናት፤ ጎልታ የምትታየው ከስሙ አጠገብ የፓርቲ መለያ በሌለበት ነው።

ስሜትን በተመለከተ ጆርጅ ማርከስ ያቀረበው ሐሳብ ሰፊ ተቀባይነት አለው፦ የረካ ሰው በልማዱ ይሄዳል፣ የሠጋ ሰው ግን ቆም ብሎ አዲስ መረጃ ይፈልጋል። ይህን የሰሙ ቀስቃሾች ሥጋት መፍጠር ቢወዱ አይደንቅም።

ቅስቀሳ ራሱ ምን ያህል ያሳምናል? ጆሽዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን በ2018 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የተደረጉ 49 የመስክ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው፣ በአጠቃላይ ምርጫ በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወልና ደብዳቤ መላክ የሰውን ምርጫ የመቀየር ኃይላቸው በአማካይ ከዜሮ የማይለይ መሆኑን ደመደሙ። ውጤት የሚታየው በአብዛኛው የፓርቲ መለያ በማይመራባቸው ምርጫዎች፣ ለምሳሌ በፓርቲ ውስጥ የዕጩ ምርጫና በሕዝበ ውሳኔ ነው።

የፓርቲ መለያው ሲሸፈን ምን እንደሚሆን የስዊድን ተመራማሪዎች በ2010ሩ ጠቅላላ ምርጫ ዋዜማ ሞክረውታል። ላርስ ሆልና ፔተር ዮሀንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር 162 መራጮችን የግራውና የቀኙ የፓርቲዎች ጥምረት በሚለያዩባቸው ጉዳዮች ላይ መጠይቅ አስሞሏቸው፤ ሰዎቹ ሳያዩ ደግሞ በእጅ ቅልጥፍና አንዳንዶቹን መልሶች ወደ ተቃራኒው ወገን ለወጧቸው። ከተለወጡት መልሶች የተነቃባቸው ከ22 በመቶ አልበለጡም። ከተሳታፊዎቹ 92 በመቶው በተለወጡት መልሶች ላይ ተደምሮ የወጣውን ውጤት የራሳችን ነው ብለው ተቀበሉ፤ 48 በመቶው ወደ ሌላው ጥምረት መሻገርን ለማሰብ ፈቃደኛ ሆኑ። አስተያየታቸውን እንዲያብራሩ ሲጠየቁም፣ ላልሰጡት መልስ ምክንያት ደረደሩ።