«ሰዎቹ የት ጠፉ?» እና ሌሎች ስለ ዋሃካ የሰለቹኝ ስህተቶች

ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ይዤ ደቡብ ሜክሲኮ፣ ዋሃካ መመላለስ ከጀመርኩ ቆየሁ። መንገዱም ምግቡም አልሰለቸኝም። የሰለቸኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሞንቴ አልባን ወደሚባለው ጥንታዊ የተራራ ላይ ከተማ ወጥተን፣ ሰፊውን አደባባይና ዙሪያውን የከበቡትን የድንጋይ ደረጃዎች አይተው ትንፋሻቸው መለስ ሲል፣ አንዱ የግድ ይጠይቃል፦ «ይሄን የሠሩት ሰዎች ግን የት ጠፉ?»

የትም አልጠፉም። ሹፌራችን ከነሱ አንዱ ነው።

ባለፈው አንድ ጋሼ ይህንኑ ጠይቀውኝ እያስረዳኋቸው መኪናው ጋ ስንደርስ፣ ሹፌሩ ከእናቱ ጋር በስልክ ይነታረካል። ጋሼ ጆሯቸውን ጣል አድርገው «የዚህ አገር ስፓኒሽ ደግሞ ይዜማል እንዴ?» አሉኝ። ስፓኒሽ መች ሆነና! ዛፖቴክ ነው፤ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል የቃሉ ፍቺ የሚለወጥበት ቋንቋ።

ዛፖቴኮች የተራራውን አናት ደልድለው ሞንቴ አልባንን የቆረቆሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ነው። ከሸለቆው 400 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከ1,000 ዓመት በላይ ኖሩበት። ከዚያ ቀስ በቀስ ተዳከመና ሰዉ ወደ ሸለቆው ከተሞች ወረደ። ከተማው ተፈታ እንጂ ሕዝቡ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1806 ጌላታኦ በምትባል የተራራ መንደር የተወለደው ቤኒቶ ሁዋሬስ ዛፖቴክ ነው፤ በ12 ዓመቱ ወደ ዋሃካ ከተማ ሲመጣ ስፓኒሽ በቅጡ አይችልም ነበር፤ በኋላ የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ሆነ። የከተማዋ ሙሉ ስም ዛሬም «ዋሃካ ደ ሁዋሬስ» ነው። ዋሃካ በሚባለው ግዛት ካሉት 570 ማዘጋጃ ቤቶች ከ400 በላይ የሚሆኑት ሹሞቻቸውን የሚመርጡት በፓርቲ ሳይሆን በነባሩ ወግ ነው፤ መንደሩ ተሰብስቦ። የጠፋ ሕዝብ ስብሰባ አይጠራም።

«ዘዬ ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም» የሚሉም አሉ፤ አገሬው ስፓኒሽ ተናጋሪም ሳይቀር። ዛፖቴክ አንድ ቋንቋ ሳይሆን የቋንቋዎች ቤተሰብ ነው። የሸለቆውና የተራራው ሰው በየራሳቸው ዛፖቴክ መግባባት ሲያቅታቸው ወደ ስፓኒሽ ይዞራሉ።

«አዝቴኮች ናቸው የሠሩት።» አይደሉም። አዝቴኮች እዚህ የደረሱት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሞንቴ አልባን ከተፈታ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የሜክሲኮው አርኪዮሎጂስት አልፎንሶ ካሶ እዚሁ ሞንቴ አልባን 7ኛው መቃብር ውስጥ ያገኘው ወርቅም የነሱ አይደለም፤ የዛፖቴኮች ጎረቤት የሆኑት ሚክስቴኮች በቀድሞው የዛፖቴክ መቃብር ውስጥ ያኖሩት ነው። በከተማዋ ሳንቶ ዶሚንጎ ገዳም ባለው ሙዚየም ይታያል።

እነዚህን ቶሎ ልለፋቸው። ከተማዋ «ኦክሳካ» አትባልም፤ ኤክሷ እንደ «ሀ» ትነበባለች። ሜዝካል የሚባለው የአጋቬ ተክል አረቄ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ትል የጥራት ምልክት ሳይሆን የገበያ ዘዴ ነው። በቱሌ መንደር ያለው ትልቅ ዛፍ በቁመቱ አይደለም የታወቀው፤ ጉዱ ግንዱ ነው፣ ዙሪያው 42 ሜትር ገደማ። በሰሜኑ ተራራ ደግሞ ጥድ ነው፣ ጉም ነው፤ «ሜክሲኮ ሙቀት ነው» ብሎ በቲሸርት የመጣ ሰው ማታ የኔን ጋቢ ይለምናል።

ቴኦቲትላን ዴል ቫሌ፣ የሸማኔዎቹ መንደር፣ ስንደርስ ሁሉም ቀዩን ምንጣፍ እያየ «ከአበባ ነው አይደል?» ይላል። አንዲት ሸማኔ ግራጫ ጥራጥሬ የመሰለ ነገር መዳፏ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ስትደፈጥጠው ደም መሰለ። ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ወደ ብርቱካንማ አደላ፤ ኖራ ሲነካው ወይን ጠጅ ሆነ። ጥራጥሬ ሳይሆን ኮቺኒያል የሚባል፣ በለስ ላይ የሚኖር ተባይ ነው፤ በስፔን ዘመን ከዚህ አገር ከሚላከው ሸቀጥ ከብር ቀጥሎ የሚጠራ ነበር። ከተጓዦቻችን አንዷ የመቀሌ ልጅ ናት። ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ እኮ በለሳችንን የጨረሰው ነው!» እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ተብሎ ትግራይ የገባው ይኸው ነፍሳት ከእጅ አምልጦ በለሱን ፈጅቷል። በለሱ ራሱም ቢሆን መጀመሪያ የመጣው ከሜክሲኮ ነው።

ምንጣፍ ስትገዙ ግን ቀይ ሁሉ ኮቺኒያል አይምሰላችሁ። ብዙው የፋብሪካ ቀለም ነው፤ ዋጋው ከረከሰ አትጠራጠሩ። «ከጥንት ከስፔኖች በፊት እንዲሁ ነበር» የሚላችሁንም ነጋዴ ፈገግ ብላችሁ እለፉት፤ በጉም በእግር የሚረገጠው የሽመና ዕቃም ከስፔኖች ጋር ነው የመጡት።

ገላጌትሳም አብዛኛውን ጊዜ በጁላይ መጨረሻ ሁለት ሰኞዎች የሚደረገው የጭፈራ በዓል ብቻ ይመስላቸዋል። ቃሉ የዛፖቴክ ነው፤ እኛ «ብድር መመለስ» የምንለው ነው። ለሠርግ ጎረቤት ቱርክ ዶሮ፣ በቆሎ፣ ሜዝካል ይዞ ይመጣል፤ ባለቤቱ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ የሰጪው ልጅ ሲዳር ያችው ቱርክ በክብደቷ ትመለሳለች። ደብተሩን ያሳየችኝ የሹፌሩ እናት ናት።

በመጨረሻ ኢየርቬ ኤል አጉዋ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ምንጭ። የስሙ ትርጉም «ውሃው ይፈላል» ነውና «ፍል ውሃ» ብለው ወገባቸውን ሊታጠኑ የመጡ እናት አጋጥመውኛል። ውሃው ይንተከተካል እንጂ አይሞቅም። ፏፏቴ የሚመስለውም ነጭ ነገር ድንጋይ ነው፤ ማዕድን ያዘለው ውሃ በገደሉ ጫፍ እየተንጠባጠበ ሲያልፍ ጥሎት የሄደው። ዝርዝር ፔሶ ያዙ፤ መግቢያውን የሚሰበስቡት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። አንዳንዴ በመካከላቸው አለመግባባት ይነሳና መንገዱ ይዘጋል። ያኔ «ከሎስ አንጀለስ ድረስ መጥተን!» እያላችሁ አትሟገቱ፤ መሬቱ የነሱ ነው። ሚትላ የሚባለው የጥንት ፍርስራሽ ቅርብ ነው፤ እዚያ ሄዳችሁ ያለ ጭቃ እየተገጣጠሙ ግድግዳውን የሞሉትን ትንንሽ ጥርብ ድንጋዮች እዩ።