ልማታዊ ሴፍቲኔት፦ ድርቅ ሳይመጣ የሚዘረጋ ድጋፍ

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተጀመረ፣ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ባለባቸው የገጠር ወረዳዎች ድሃ ቤተሰቦችን የሚደግፍ ሥርዓት ነው። ለመጀመሩ ዋናው ምክንያት የ1995ቱ ድርቅ ነው። ያኔ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕለት እርዳታ አስፈልጎታል። ብዙ ቤተሰብ እንደሚቸገር አስቀድሞ እየታወቀ በየዓመቱ እንደ አዲስ እርዳታ ይጠየቅለት ነበር። እህሉ እስኪደርስ ደግሞ በሬውም ፍየሉም ይሸጣል።

ፕሮግራሙ በአምስት ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎች ጀምሮ ወደ ስምንት ሚሊዮን ተጠግቷል። ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አረጋውያንና የሚጦራቸው የሌላቸው አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶችም ከጉልበት ሥራ ነፃ ናቸው።

ለድንገተኛ ችግር የሚያዘጋጀው ግን መጠባበቂያው ነው። በመጀመሪያው ንድፍ የበጀቱ 20 በመቶ ለዚህ ተይዞ 5 በመቶው በወረዳ፣ 15 በመቶው በክልል እጅ እንዲቆይ ተደረገ፤ ወረዳው መዝገብ ላይ ያልነበረ ቤተሰብ ሲጎዳበት ከዚያ ይደግፋል። ከዚህ በላይ የሆነ ችግር ሲመጣ የሚከፈት ሌላ የስጋት ገንዘብም ነበር። በ2003ቱ ድርቅ በዚህ ገንዘብ ለ6.5 ሚሊዮን ነባር ተጠቃሚዎች ድጋፉ ተራዝሞላቸዋል፤ 3.1 ሚሊዮን አዲስ ሰዎችም ተጨምረዋል። ይህን ያስቻለው የገንዘቡ መገኘት ብቻ አይደለም፤ የሚከፍለው ሰው፣ መዝገቡና የቀበሌው ግብረ ኃይል አስቀድመው በሥራ ላይ ነበሩ።

የ2008ቱ የኤልኒኞ ድርቅ ግን ከአቅሙ በላይ ሆነ። ከሴፍቲኔቱ ተጠቃሚዎች ውጭ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ እርዳታ ፈለጉ። እርዳታው በሌላ መሥሪያ ቤትና በሌላ መዝገብ ጎን ለጎን ሄደ። የሥርዓቱ ትልቁ ድክመት ይህ መነጣጠል ይመስለኛል፤ በ2013 የጀመረው አምስተኛው ምዕራፍም ሁለቱን ለማቀራረብ ታስቦ የተነደፈ ነው።

ጎረቤት ኬንያ በቱርካና፣ በማርሳቢት፣ በዋጂርና በማንዴራ ሌላ መንገድ ይዛለች። አብዛኛው ቤተሰብ ቀድሞ ተመዝግቦ የባንክ ሂሳብ ተከፍቶለታል። የግጦሹ ልምላሜ በሳተላይት ይለካል፤ ከተወሰነው ወለል በታች ሲወርድ ክፍያው ወደ ተጨማሪ ቤተሰቦች ይሰፋል። ውሳኔው ስብሰባ አይጠብቅም፤ ለእኔ ትልቁ ብልጫው ይህ ነው።

የዋጋ ንረትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። የኢትዮጵያው የቀን ክፍያ 3 ኪሎ ያህል እህል እንዲገዛ ታስቦ በ6 ብር ተጀመረ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ወደ 8 ብር፣ ቀጥሎም ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም ገበያውን አልደረሰበትም። ብዙ ተጠቃሚዎችም በጥሬ ገንዘቡ ፋንታ እህሉ እንዲሰጣቸው ጠየቁ።