«የጦር መኪና አይሞትም» እና ሌሎች የጋራዥ ወሬዎች

አጎቴ ዋዝ አለው፣ የሶቪየቱን ጂፕ። አረንጓዴ፣ ባለ ሸራ ጣሪያ፣ በደርግ ጊዜ ለሰራዊቱ የመጣ፣ በኋላ በጨረታ የተሸጠ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ አቀባይ ነኝ። ስለነዚህ መኪኖች የማይወራ የለም። ግማሹ ልክ አይደለም።

«የጦር መኪና ነው፣ አይበላሽም»

ዋዝም፣ የጭነት መኪኖቹ ዚልና ኡራልም ጠንካሮች ናቸው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ሰራዊት መካኒክ አለው፣ የመለዋወጫ መጋዘን አለው፣ በየጊዜው ግራሶ የሚሰጥ ወታደር አለው። አንተ ስትገዛው እነዚያ አብረው አይመጡም።

የሰራዊቱ ዋዝ 469 በየጎማው ጀርባ ትንሽ ማርሽ ቤት አለው። ሆዱ ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ እንዲል የረዳው እሱ ነው። አራቱም ለየብቻ ዘይት ይፈልጋሉ። አጎቴ ዲፈረንሲያሉን እየሞላ እነሱን ለዓመታት ረስቷቸው ኖሯል። አንድ ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሀረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የኋላ ቀኙ ማፏጨት ጀመረ። ጋራዥ ደርሰን ቡሎኑን ስንፈታው አንድ ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር ጭቃ ጠብ አለ። በጣቴ ሳሸው ብናኙ ያብረቀርቃል። መካኒኩ ጣቴን አየና ወደ አጎቴ ዞረ፦ «ጋሼ፣ ይሄ የሚያዩት ዘይት አይደለም። ማርሹ ነው።»

«ብዙ አልሄደም፣ እንደ አዲስ ነው»

ኪሎሜትሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ የሚገዛ ሰው አለ። ለዓመታት የቆመ መኪና ግን ቆሞም ያረጃል። የዘይት ጎሚኒው ይደርቃል፣ የፍሬን ሲሊንደሩ ይነክሳል፣ ቤንዚኑ ካርቦራተር ውስጥ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ጎማውም ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ታገኘዋለህ። ብዙ ጎማዎች ጎናቸው ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከሜትሩ በፊት እሱን እይ።

«ኡራል ዳገት አያውቅም»

ያውቃል፣ በደንብ። መጀመሪያ ግን የትኛው ኡራል? ብዙ ሰው ሁሉም ናፍጣ ይመስለዋል። የድሮው 375 ቤንዚን ነው፤ ባለ 7 ሊትር ሞተር፣ በ100 ኪሎሜትር 50 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ናፍጣው 4320 መመረት የጀመረው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሳይጠይቅ ቀብድ የከፈለ ሰው ማደያ ላይ ይማራል።

ወደ ዳገቱ እንምጣ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። 180 ፈረስ ጉልበት የተባለው 375 ደሴ ሲደርስ 135 ገደማ ይቀረዋል። ሌላም አለ። አየሩ ሲቀንስ ካርቦራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ስር ከሚያድር መኪና ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ፈትተህ እይ፤ ጥላሸት ለብሶ ካገኘኸው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ብለህ ሞተር ከማስወረድህ በፊት ካርቦራተሩን አስተካክል። ሞተር ማስወረድ ቀልድ አይደለም።

«አራቱም ጎማ ሲጎትት ይሻላል»

ጭቃ ላይ አዎ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን የዋዝን የፊት ጎማ ማገናኘት ማርሹን ማስጨነቅ ነው። ፊትና ኋላ የሚያቻችላቸው የመሃል ዲፈረንሲያል የለውም።

«ጥይት አይበሳውም»

ተራ ላሜራ ነው። ይበሳዋል።

«ኤንትሬ ጣሊያን ጥሎት የሄደው የጦር መኪና ነው»

ይሄን ከሽማግሌም ሰምቻለሁ። ጣሊያን ከደሴ የተባረረው በ1933 ዓ.ም. (1941 እ.ኤ.አ.) ነው። ፊያት 682 የተባለው ዘር ገበያ የወጣው ደግሞ በ1952 እ.ኤ.አ.፤ ኤንትሬው (682 N3) የዚያው ዘር ሆኖ ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። የሲቪል የጭነት መኪና ነው እንጂ የወረራ ቅርስ አይደለም። የጣሊያን ቅርስ ከፈለግህ የጋራዡን አፍ ስማ፦ ካንዴላ፣ ጎሚስታ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራፋንጎ።

«ሊብሬው በኋላ ይወጣል»

ከሰራዊት የወጣ መኪና ሁሉ ሕገወጥ ነው የሚልም አለ። በጨረታ በሕጋዊ መንገድ ከተሸጠ ወረቀት አለው። ወረቀቱን ይዘህ ሻንሲው ላይ ያለውን ግራሶ ፍቀህ ቁጥሩን አነጻጽር። ካልገጠመ ወደ ቤትህ ሂድ። ሻጩ «እኔ አወጣልሃለሁ» ካለህ ፈጠን ብለህ ሂድ።

«የዛገ ፈንጂ የሞተ ነው»

እዚህ ላይ ቀልዱን እናቁም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ነበር። ጦርነት ባለፈበት አገር ሁሉ ያልፈነዳ ነገር ይቀራል፤ እረኛ ያገኘዋል፣ ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል። ዝገት የሚበላው ውጪውን ነው። ውስጥ ያለው ፈንጂ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ መቀስቀሻው ደግሞ ሲያረጅ ይበልጥ የማይታመን ይሆናል። ባዶ ቀለህ ይመስላል ብለህ አታንሳ፣ አትምታ፣ እሳት አጠገብ አታድርግ። ከቦታው ራቅ፣ ልጆቹን አርቅ፣ ለፖሊስ ተናገር።

«ጀሪካን ማለት ቢጫው ፕላስቲክ ነው»

ዋናዋ ብረቷ ነች፣ ባለ 20 ሊትሯ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ለጦራቸው ሠሯት። እንግሊዞች ጀርመኑን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩት ስለነበር የጄሪ ቆርቆሮ ሆና ቀረች። ሦስት መያዣ ያላት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙሉ ስትሆን አንድ ሰው መሃለኛውን ይይዛል ወይም ሁለት ሰው ዳርና ዳሩን፤ ባዶ ስትሆን ሁለት ጀሪካን በአንድ እጅ ታነሳለህ። ከአጎቴ ዋዝ ጀርባ አንድ ታስራለች፣ ቀለሟ እንኳ አልለቀቀም። እሱ ግን ቤንዚን የሚቀዳው አሁንም በቢጫው ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩት።