«ያ ሰፈር እንኳ የታወቀ ነው»፦ ስለ ጅማ ዳር መራጮች የሚወራውና እውነታው

ምርጫ ሲቃረብ ጅማ ውስጥ ሁሉም ሰው ተንታኝ ነው። ቡና ላይ፣ በርጫ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ሰፈር ይከፋፈላል። «ጅሬን የእገሌ ነው፣ ቦሳ ኪቶ ደግሞ የእነእገሌ።» ወሬው ይጣፍጣል። ብዙው ግን ውሃ አይቋጥርም።

«ብሔሩንና ሃይማኖቱን ካወቅክ ድምፁን ታውቃለህ»

በከተማዋ ዳር ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች አንድ ግቢ ግቡና እዩ። ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ጉራጌው፣ አማራው ተከራይቶ አብሮ ይኖራል። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነው፣ ሌላው ቡና ነጋዴ፣ ሦስተኛው የቀን ሠራተኛ። አንዱን የሚያንገበግበው የውሃ መጥፋት ነው፣ ሌላውን የቤት ኪራይ። አንድ ብሔር የሆኑ ወንድማማቾች እንኳ በፖለቲካ ሲጣሉ እያየን፣ ስም ሰምቶ ድምፅ መገመት ምን ይሉታል?

«ቀበሌው ማንን እንደመረጥኩ ያውቃል»

አያውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ በሚስጥር እንደሚሰጥ ይደነግጋል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የመራጩ ስም የለም። ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም መምጣታችሁን እንጂ ምርጫችሁን አይናገርም። ራሳችሁ ካላወራችሁት በቀር።

«ወንበሩን ጠቅልሎ ከወሰደ ሕዝቡ ሁሉ የእሱ ነው ማለት ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በእኛ አገር አሠራር ለማሸነፍ ግማሽ ድምፅ አያስፈልግም፤ ከሌሎቹ መብለጥ ይበቃል። ሦስት ተወዳዳሪዎች 40፣ 35 እና 25 በመቶ ቢያገኙ ወንበሩ የባለ 40 ነው። 60 በመቶው ሌላ ሰው መርጧል፤ በወንበር ቆጠራ ግን አይታይም። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከፓርላማው 547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። ከቀሩት ሁለት አንዱ በግል የተወዳደረ ሰው ያሸነፈበት ነው፤ እሱም ሩቅ ሳይሆን እዚሁ ጎረቤታችን ቦንጋ። በ2007 ደግሞ 547ቱም ተጠቃለለ። ከዚህ ተነስቶ «ተቃዋሚ የሚባል መራጭ አገር ውስጥ አልነበረም» የሚል ካለ፣ ወንበርና ሰው እየተምታታበት ነው።

የ2013ቱ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ። ብልጽግና ውድድር ከተደረገባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አሸነፈ። በኦሮሚያ ግን ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ውጪ ነበሩ፤ በብዙ የምርጫ ክልሎች ወረቀቱ ላይ ብልጽግና ብቻውን ቀረበ። አማራጭ ካልቀረበ ዝንባሌ በምን ይለካል? ውጤቱ ማን እንዳሸነፈ ይነግረናል። ሰው ልቡ ወዴት እንዳለ ለማወቅ ግን አይበቃም፤ ለደጋፊም ለተቃዋሚም።

«ጅማ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አገር ናት፣ ያለቀ ነገር ነው»

ይሄን የሚሉት አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቻችን ናቸው። ዐቢይ አሕመድ በ2013 የተወዳደሩት በአጋሮ መስመር በጎማ ነው። ጎማ ያለው ጅማ ዞን ነው፣ የምርጫ ክልሉ ግን ከጅማ ከተማ ሌላ ነው።

«90 በመቶ ወጣ ከተባለ ከ10 ሰው 9ኙ መርጧል»

ከማን 90 በመቶ? ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከተመዘገበው ሰው ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ 1,000 ለአቅመ ምርጫ የደረሰ ሰው አለ እንበል። 600ው ተመዘገበ፣ 540ው መረጠ። በዜና «90 በመቶ» ይባላል። ከሰፈሩ አዋቂ ሲሰላ ግን 54 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። በ2013 በአገር ደረጃ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል ሲባልም፣ ዕድሜው ደርሶ ያልተመዘገበው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

«ያልመረጠ ሁሉ አኩርፎ ነው»

ያኮረፈም አለ፣ መቼም አይጠፋም። ዳር ሰፈር ላይ ግን ሌላ ምክንያት በብዛት አለ። ሰው ቤት ይቀይራል። በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጭ በሚመዘገብበት የምርጫ ክልል ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ከገጠር ወይም ከሌላ ወረዳ በቅርቡ የመጣ ተከራይ እዚህ ላይ ይወድቃል። እዚያው ከተማ ውስጥ ከጅማ መርካቶ ወደ ዳር የወጣውም ካርዱን ያወጣው በድሮ ሰፈሩ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠውም የተመዘገበበት ጣቢያ ነው። የ2013ቱ ምርጫ ሰኔ 14 ነበር፤ ሰኔ በጅማ ዝናብ ነው። ዳር ሰፈር ያለው ኮረኮንች ይጨቀያል፣ ባጃጅ «አልገባም» ይላል፣ ጣቢያው ከተማው ሌላ ጫፍ ነው። እንዲህ ሆኖ ቤቱ የቀረን ሰው ፖለቲካዊ መልእክት አስተላለፈ ማለት ለእሱም አዲስ ዜና ነው።