የፓራ አትሌቲክስ አጭር ርቀት ሩጫ

በአንድ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ ማለት ነው) በ100 ሜትር ብቻ ሠላሳ ገደማ የወርቅ ሜዳሊያዎች ይሰጣሉ። በኦሊምፒክ ግን ሁለት ናቸው፤ አንድ ለወንድ፣ አንድ ለሴት። ይህን መጀመሪያ የሰማ ሰው "ታዲያ ከሁሉም ፈጣኑ ማን ነው?" ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ ስፖርት አንድ መቶ ሜትር አንድ ዓይነት ሩጫ አይደለም። ዓይነ ስውሩ የሚሮጠው መቶ ሜትር፣ ዊልቸር የሚገፋው ሰው መቶ ሜትርና በሰው ሠራሽ እግር የሚሮጠው ሰው መቶ ሜትር እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥበብ አላቸው። ይህን የተረዳ ሰው ውድድሩን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ቁልፉ ከአትሌቱ ስም አጠገብ የምትጻፈው ኮድ ናት፦ ቲ11፣ ቲ38፣ ቲ64። "ቲ" የመም ሩጫና የዝላይ ውድድር ምልክት ነው። የመጀመሪያው አሃዝ የጉዳቱን ዓይነት ይነግረናል። ሁለተኛው መጠኑን ያሳያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉዳቱ ይከብዳል። ከ11 እስከ 13 ማየት የተሳናቸው ናቸው። 20 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። በ30ዎቹ ያሉት እንደ ሴሬብራል ፓልሲ ባሉ ምክንያቶች ጡንቻቸውን በፈለጉት መንገድ ማዘዝ የሚቸገሩ ናቸው። ከ42 እስከ 44 የእግር፣ ከ45 እስከ 47 የእጅ ጉዳት ነው። ከ51 እስከ 54 በዊልቸር የሚወዳደሩ ናቸው። ከ61 እስከ 64 ደግሞ በሰው ሠራሽ እግር የሚሮጡ ናቸው።

ምድቡን አትሌቱ አይመርጥም። ሐኪሞች፣ ፊዚዮቴራፒስቶችና የስፖርቱ ባለሙያዎች አካሉን ይመረምራሉ፣ እንቅስቃሴውን ይለካሉ፣ ከዚያም ሲወዳደር ቆመው ያዩታል። ሁኔታው የማይለወጥ ከሆነ ምድቡ ይጸናል። ሊለወጥ የሚችል ከሆነ ተመልሶ ይጠራል። አውቆ አቅሙን የደበቀ አትሌት ከስፖርቱ እስከመታገድ ይደርሳል። በእኔ እምነት የዚህ ስፖርት ከባዱ ቦታ ይህ የምርመራ ክፍል ነው። አንድ ሰው ከቲ37 ወደ ቲ38 ቢዘዋወር አካሉ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ትናንት ባለ ሜዳሊያ የነበረው ግን ዛሬ ማጣሪያውን ላያልፍ ይችላል። ዓመታት የለፋበት ነገር በአንድ ወረቀት ሊገለበጥ ይችላል። ያለ ምድብ ደግሞ ውድድሩ ውድድር አይሆንም፤ ጉዳቱ የቀለለው ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋልና።

የታሪኩ ጅማሬ ከሩጫ ጋር የተያያዘ አልነበረም። ሐምሌ 29 ቀን 1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እንግሊዝ አገር ባለው በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለ16 ታካሚዎች የቀስት ውድድር አዘጋጁ። ታካሚዎቹ አከርካሪያቸው የተጎዳ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ከዚያ ትንሽ ስብሰባ ተነስቶ በ1960 ሮም ላይ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተካሄደ። የፍጥነት ውድድር የገባው በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው፤ የ60 ሜትር የዊልቸር ውድድር። ወንበሮቹ ያኔ ሰው በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ከባድ ወንበሮች ነበሩ። ማየት የተሳናቸውና እጅ ወይም እግር ያጡ አትሌቶች በ1976 ቶሮንቶ ላይ ተቀላቀሉ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው በ1980 ኔዘርላንድስ አርንሄም ላይ መጡ። ዓለም አቀፉ የፓራሊምፒክ ኮሚቴ በ1989 ተመሠረተ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን ቦን ነው። የፓራ አትሌቲክስ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1994 በርሊን ላይ ተደረገ።

አሁን ወደ መሙ እንግባ። የቲ11 ፍፃሜ ሲደርስ መነሻው ላይ የቆሙት ሰዎች ስምንት ናቸው፤ የሚወዳደሩት ግን አራት ብቻ። እያንዳንዱ አትሌት ከመሪ ሯጩ ጋር ሁለት መም ይይዛል። በቲ11 ሁሉም አትሌት ዓይኑን በጨርቅ ይሸፍናል። ትንሽ ብርሃን የሚለይ ሰው ምንም ከማያየው ሰው እንዳይበልጥ ነው። አትሌቱና መሪው እጅ ለእጅ የተያያዙት በአጭር ገመድ ነው። ገመዷ የማትለጠጥ ናት፤ ጫፍና ጫፏ ላይ ያሉት ቀለበቶች ጣት ላይ ወይም አንጓ ላይ ይጠለቃሉ።

ሁለቱም መነሻ ብሎክ ላይ ይንበረከካሉ። መሪው የአትሌቱን እጅ ይዞ መነሻ መስመሩን ያስነካዋል፤ ጣቶቹን ከነጩ መስመር ጀርባ ያስተካክልለታል። ከዚያ ዝም ይባላል። ተኩሱ ሲሰማ የሁለቱ ውስጠኛ እግሮች አብረው ይነሳሉ፣ የተያያዙት እጆች አብረው ይወዛወዛሉ። አንዱ የሌላው መስታወት ነው ማለት ይቻላል። የእርምጃው ርዝመትም ፍጥነቱም አንድ መሆን አለበት። አንዱ በጥቂቱ ቢያፈነግጥ ገመዷ ትወጠርና ሁለቱም ሚዛን ይስታሉ። መሪው እየሮጠ ያወራል፦ ቀጥ በል፣ ዘና በል፣ አሁን ደረትህን ወደፊት። አትሌቱን መጎተትም መግፋትም አይፈቀድለትም። ማጠናቀቂያው ላይ ደግሞ አትሌቱ ከመሪው ቀድሞ መግባት አለበት። መሪው ቀድሞ ደረቱን ካስነካ ወይም ገመዱ ከመድረሳቸው በፊት ከተለቀቀ ሁለቱም ከውድድር ውጪ ናቸው።

ስለዚህ መሪ ሯጭ ከሚመራው ሰው የበለጠ ፈጣን መሆን አለበት። እየሮጠ ማሰብና መናገር ያለበት እሱ ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ብራውን በ2014 ከመሪው ጀሮም ኤቨሪ ጋር 100 ሜትርን በ10.92 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ሙሉ በሙሉ ማየት ከተሳናቸው ሯጮች ከ11 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ግሪካዊው አታናሲዮስ ጋቬላስ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ላይ ወደ 10.82 አወረደው። በቲ12 መሪ መያዝ የአትሌቱ ምርጫ ነው። በዚህ ምድብ ከሁሉ የምትታወሰው ኩባዊቷ ኦማራ ዱራንድ ናት። ከመሪዋ ዩኒዮል ኪንደላን ጋር እየሮጠች የፓራሊምፒክ ወርቆቿን 11 አድርሳ ከፓሪስ 2024 በኋላ ተሰናብታለች። መሪ ሯጮችም ዛሬ አብረው ሜዳሊያ ያጠልቃሉ። ይህ ቀድሞም መሆን የነበረበት ነገር ነው።

ያችን ገመድ ሳስብ ብራዚላዊቷ ቴሬዚኛ ጊልየርሚና ትዝ ትለኛለች። ለንደን 2012፣ የ400 ሜትር ፍፃሜ ነበር። መሪዋ ጊልየርሜ ሳንታና መሙ ላይ ወደቀ። እሷም መሮጡን ትታ አጠገቡ መሬት ላይ ተጋደመች። ያለ እሱ መጨረስ የለም፤ መወዳደሪያው የሁለቱ ነው። በዚያው ጨዋታ ሁለቱ ተመልሰው የ100 ሜትሩን ወርቅ በ12.01 ሰከንድ ወሰዱ። የዓለም ክብረ ወሰንም ነበር።

በቲ13 መሪ የለም። እዚህ ያሉት የማየት አቅማቸው የቀነሰ ወይም የእይታቸው ክብ የጠበበ ነው። አየርላንዳዊው ጄሰን ስሚዝ በዚህ ምድብ ከ2008 እስከ ቶኪዮ በተከታታይ አራት የ100 ሜትር ወርቆች አግኝቷል። የመጨረሻው የተገኘው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ልዩነት ነው፤ እሱ 10.53፣ አልጄሪያዊው ስካንደር ጀሚል አትማኒ 10.54። ለአትማኒም ቀኑ መጣለት፤ ፓሪስ ላይ 10.42 ሮጦ አሸነፈ።

ብዙ ሰው ፓራ አትሌቲክስ ሲባል በዓይኑ የሚመጣለት ግን ያቺ የታጠፈች ጥቁር የሩጫ እግር ናት። የተሠራችው ከካርቦን ፋይበር ነው። ተረከዝ የላትም። አሳቡን ያመነጨው አሜሪካዊው ቫን ፊሊፕስ ነው፤ እሱ ራሱ በ1976 በውሃ ላይ ስኪ አደጋ እግሩን አጥቷል። እግሯ የምትሠራው እንደ ሞላ ነው። የሯጩ ክብደት ሲያርፍባት ትጨመቃለች፣ ስትመለስ ወደፊት ትገፋለች። በራሷ ግን ጉልበት አታመነጭም፤ የሰጧትን ነው የምትመልሰው፣ እሱንም ሙሉውን አይደለም። ስለዚህ ከብሎክ ሲነሱ ቁርጭምጭሚት ያለው ሰው ይቀድማቸዋል። የእነሱ ፍጥነት የሚመጣው ቀጥ ብለው ምታቸውን ካገኙ በኋላ ነው። ከሩጫው በፊት ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሁለቱም እግሩ ሰው ሠራሽ የሆነ አትሌት አንድ ቦታ ረግቶ አይቆምም። ተረከዝ ስለሌለው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተቀያየረ ሚዛኑን ይጠብቃል።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በደቡብ አፍሪካዊው ኦስካር ፒስቶሪየስ ነው። የዓለም አትሌቲክስ አካል ሁለቱ ሰው ሠራሽ እግሮቹ ብልጫ ይሰጡታል ብሎ በ2008 መጀመሪያ ላይ ከኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች ጋር እንዳይሮጥ ከለከለው። በዚያው ዓመት በግንቦት የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረ። በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ 400 ሜትር ሮጦ ግማሽ ፍፃሜ ደረሰ። ከሳምንታት በኋላ በፓራሊምፒኩ የ200 ሜትር ፍፃሜ ግን ብራዚላዊው አላን ፎንቴሌስ ኦሊቬራ በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ደርሶበት በ21.45 ቀደመው፤ ፒስቶሪየስ 21.52 ነበር። ተሸናፊው የአሸናፊው እግሮች ረዝመዋል ብሎ አማረረ። አሸናፊው በወቅቱ ደንብ መሠረት ምንም አላጠፋም። ግን ጥያቄው ሁለት እግር የሌለው ሰው ትክክለኛ ቁመቱ ስንት ነው የሚል ነበርና በቀላሉ አልበረደም። ከ2018 ጀምሮ የሚፈቀደው ቁመት ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች መጠን የሚሰላበት ቀመር ጥብቅ ሆነ። በርካታ ሯጮች ዝቅ ባለ እግር መሮጥን እንደ አዲስ መልመድ ነበረባቸው። ለአትሌቱ ይህ አዲስ ጫማ እንደመቀየር አይደለም። እርምጃው፣ ምቱ፣ መነሻው ሁሉ ይለወጣል።

በዚህ ምድብ ልዩነቱ ምን ያህል እንደጠበበ የቶኪዮው የ100 ሜትር ቲ64 ፍፃሜ ያሳያል። ጀርመናዊው ፊሊክስ ሽትሬንግ በ10.76 አሸነፈ። ኮስታሪካዊው ሸርማን ጊቲ 10.78 ገባ። ዮሐንስ ፍሎርስና ጆኒ ፒኮክን በሺህኛ ሰከንድ እንኳ መለየት አልተቻለም፤ ነሐሱን ተካፈሉት። ፓሪስ ላይ ተራው የጊቲ ሆነ፤ ወርቁን ወሰደ።

ዊልቸሩ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የውድድሩ ወንበር ሦስት ጎማ አለው፣ አፍንጫው ረጅም ነው። አትሌቱ እግሩን ከሥሩ አጥፎ ወደፊት ተደፍቶ ይቀመጣል። መግፊያውን ቀለበት በጣቱ አይጨብጥም፤ በጠንካራ ጓንት ይመታዋል። ቀለበቱ ትንሽ ስለሆነ መነሻው ከባድ ነው፣ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ግን ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ግፊቶች ሩጫውን ይወስኑታል። ፊንላንዳዊው ሌዮ ፔካ ታህቲ በዚህ ብልሃት ከ2004 እስከ 2016 አራት ተከታታይ የ100 ሜትር ወርቆች ሰብስቧል። ለንደን ላይ 13.63 ገብቷል። ይህ በእግር ከሚሮጡት ይዘገያል። ርቀቱ ሲረዝም ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ 800 ሜትር ላይ ዊልቸሩ ከምርጥ የእግር ሯጮች ይቀድማል። የቲ53 አትሌት እጁ ሙሉ ጉልበት አለው፣ ወገቡ ግን አይታዘዘውም። የቲ54ቱ በወገቡም ይገፋል። መነሻ ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ካናዳዊቷ ሻንታል ፐቲክሌር ደግሞ በአቴንስም በቤጂንግም አምስት አምስት ወርቅ ወስዳለች፤ ከ100 እስከ 1500 ሜትር።

ስለ ቲ35 እስከ ቲ38 ብዙ አይወራም፤ እኔ ግን መነሻቸውን ማየት እወዳለሁ። የቲ36 አትሌት አካሉ ሳያዘው ሊንቀሳቀስ ይችላል። "ተዘጋጁ" ከተባለ በኋላ ተኩሱ እስኪሰማ ፀጥ ብሎ መቆየት ለእሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የቲ37ቱ አንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚያስቸግረው፤ በሌላው ጎኑ እየተሸከመ ይሮጣል። የእጅ ጉዳት ያለባቸውም መነሻ ላይ ይቸገራሉ። አንድ እጅ አጭር ሲሆን ትከሻው ያዘነብላል፤ አንዳንዶች ከሥሩ ትንሽ መደገፊያ ያደርጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ብራዚላዊው ፔትሩሲዮ ፌሬይራ አለ። በሁለት ዓመቱ የግራ እጁን ከፊል በመኖ መቁረጫ ማሽን አጣ። በ2022 100 ሜትርን በ10.29 ሮጠ። መግቢያው ላይ ለተጠየቀው ጥያቄ፣ በፓራ አትሌቲክስ ክብረ ወሰን ብቻ ከሆነ መልሱ እሱ ነው፤ በየምድቡ ከተመዘገቡት ክብረ ወሰኖች ይህን ያህል የፈጠነ አልነበረም።

መስማት የተሳናቸው ሯጮች በፓራሊምፒክ የሉም። የራሳቸው ዴፍሊምፒክስ አላቸው፤ ከ1924 ጀምሮ ስለሚካሄድ ከፓራሊምፒክ ይቀድማል። እዚያ መነሻው በብርሃን ነው የሚታወቀው፤ ሲወዳደሩም የመስሚያ መሣሪያቸውን ያወልቃሉ።

ሁሉንም በአንድ መም የሚያገናኘው ቶኪዮ ላይ የገባው የ4 በ100 ሜትር ድብልቅ ቅብብል ነው። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። መጀመሪያ ማየት የተሳነው ይሮጣል፣ ቀጥሎ እጅ ወይም እግር የተጎዳው፣ ቀጥሎ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት፣ መጨረሻ ዊልቸር። ዱላ የለም፤ የሚቀባበሉት በመነካካት ነው። ሦስተኛው ሯጭ ከኋላ በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ ዊልቸሩ ከቆመበት መነሳት አለበት። ቀድሞ ከተነሳ አይነካም፣ ዘግይቶ ከተነሳ ይገጫሉ። ቶኪዮ ላይ አሜሪካ በ45.52 አሸነፈች፣ ቻይና ከውድድር ውጪ ተደረገች። ፓሪስ ላይ ቻይናዎች ተመልሰው መጡና ወርቁን ወሰዱ።