ሲስቴይን ላይ የተለጠፈው ጉብታ ምንድን ነው?
በኤክስሬይ በተሠራ የፕሮቲን ክሪስታል ካርታ ላይ፣ ሲስቴይን (ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ) አጠገብ ያልታወቀ የኤሌክትሮን ጥግግት፣ ማለትም ጉብታ፣ ሲታይ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «መድኃኒቴ ተጣበቀ» ይላል። ቆይ! መጀመሪያ ከሰልፈሩ ያለውን ርቀት ለኩ። 3.5 አንግስትሮም (የአቶሞች ርቀት መለኪያ) ገደማ ከሆነ ጎረቤት ነው እንጂ አልተሳሰረም። 1.8 ከሆነ ካርቦን፣ 2.05 ከሆነ ሌላ ሰልፈር፣ 1.5 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ኦክስጅን ጠርጥሩ።

ለምሳሌ ፕሮቲኑ ሲጣራ ቤታ-መርካፕቶኢታኖል (ሰልፈር ያለው ትንሽ ሞለኪውል) ተጨምሮበት ከነበረና ጉብታው 2.05 ላይ ጀምሮ አጭር ጭራ ካለው፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው፤ መድኃኒቱን አይደለም። ካኮዲሌት (የአርሰኒክ ውህድ) ባለበት በፈር (ፒኤች ማረጋጊያ ፈሳሽ) ያደገ ክሪስታል ከሆነ አርሰኒክም ይለጠፋል፤ 2.3 ገደማ ላይ፣ ከሰልፈሩ የጎላ ጉብታ ሆኖ።

ይሄ ሁሉ ግን እንደ ሪዞሉሽኑ (የካርታው ጥራት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል) ነው። 3 አንግስትሮም ላይ 1.8ን ከ2.05 መለየት ዘበት ነው። ካልለየላችሁ፣ በግምት ስም ከመስጠት በፕሮቲን ዳታ ባንክ «ያልታወቀ ሊጋንድ» (ፕሮቲኑ ላይ የተያዘ ያልታወቀ ሞለኪውል) በሚለው ኮድ፣ ዩኤንኤል ብላችሁ አስገቡት።