«ሰባት ጊዜ አንብቤው እንዴት ጠፋብኝ?» ስለ ትውስታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ደሴ ላይ አንድ አባባል እንደ ጉንፋን ይዛመታል፦ «ሰባት ጊዜ አንብቤው ጠፋብኝ፤ ጭንቅላቴ አይዝም።» ፒያሳ ካፌ ውስጥ ይባላል፣ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል በሚወርደው የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ይባላል። ወላጅም ልጁን ይዞ መጥቶ ይህንኑ ይደግማል። ከዚያ ጥያቄው ይቀጥላል፦ ኪኒን የለውም ወይ? ቅጠልስ? ስለ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። ጭንቅላቱ ግን ጤነኛ ነው፤ የታመመው «ሰባት ጊዜ» የሚለው ነገር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ደጋግሞ ያነበበ አጠና»

አላጠናም፤ ገጹን ተላመደ እንጂ። ሦስተኛው ዙር ላይ ዓይን ሳይደናቀፍ ይንሸራተታል፣ ተማሪውም ያን ቅልጥፍና «ገብቶኛል» ብሎ ይተረጉመዋል። ፊቱን የምናውቀው ሰው ሰኞ ገበያ አግኝቶን ስሙ ድርግም ሲልብን እንዴት እንደምንሆን እናውቃለን። ሲያዩት መለየት ሌላ፣ ከባዶ አውጥቶ መጥራት ሌላ።

«ፈተናው ምርጫ ነው እኮ፤ ሳየው ትዝ ይለኛል» የሚል መልስም የተለመደ ነው። ፈተና አውጪው አራቱንም አማራጮች የሚመርጠው ከዚያው ምዕራፍ ስለሆነ አራቱም ትዝ ይላሉ! ማይቶሲስን (የሕዋስ ክፍፍልን) ሸምድዶ የመጣ ልጅ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ ብሎ እንደ ውኃ ያወርደዋል። «እህትማማች ክሮማቲዶች የሚለያዩት በየትኛው ላይ ነው?» ሲባል ግን እንደገና ከፕሮፌዝ ጀምሮ መቁጠር ይጀምራል፤ አናፌዝ ላይ ሲደርስም አይቆምም። የያዘው ዜማውን ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገር እና ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አጭር ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ በአማካይ 14 ጊዜ ያህል። ሌላው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበ፣ ከ3 ጊዜ ብዙም አላለፈም፤ በቀሩት ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን በወረቀት ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ 83 በመቶ አስታወሱ፣ ጸሐፊዎቹ 71። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ወደ 40 ወረዱ፣ ጸሐፊዎቹ 61 ላይ ቆዩ። ሰውን የሚያታልለው ያ የ5 ደቂቃው ብልጫ ነው፤ ማታ አንብቦ ማታውኑ ራሱን የሚለካ ሰው የሚያየው እሱን ብቻ ነው።

«ታዲያ የአብነት ተማሪው፣ ሐፊዙ የያዘው በድግግሞሽ አይደል?» ይባላል። ወሎ ውስጥ ሁለቱንም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሄዶ ማየት ነው። ዳዊት የሚደግመው ልጅ ከመምህሩ ፊት በቃሉ ያወርዳል፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ቁርኣን የሚሐፍዘውም ለኡስታዙ ያሰማል፣ የትናንቱንና የባለፈውን በሙራጀዓ (በክለሳ) ይመልሳል። መጽሐፉ ተከድኖ ነው ድግግሞሹ። ዘመናዊ ነኝ ባዩ ተማሪ ከዚህ ወስዶ ያስቀረው መወዛወዙን ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ3 እስከ 4 ገጽ የማይበልጥ አንድ ንዑስ ርዕስ ይመረጥና በዝግታ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይነበባል። ደብተሩ ይዘጋል፤ መዝጋት ማለት ከጠረጴዛው ማንሳት ነው። በባዶ ወረቀት ላይ 10 ደቂቃ የቀረውን ሁሉ መጻፍ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ባዶነት ያስጨንቃሉ፣ እዚያ ላይ ነው ብዙው ሰው ደብተሩን የሚገልጠው። ከዚያ ተገልጦ የጎደለውና የተሳሳተው በቀይ ይታረማል፤ ሳይታረም ያደረ ስህተት አብሮ ይጠናልና። በመጨረሻ ቀዩ ሁሉ ጥያቄ ይሆናል፦ አንድ የደብተር ቅጠል ለስምንት ተቆርጦ ፊት ለፊቱ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ።

ካርዱ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ሁለት ሰከንድ ሳይታሰብ ይገለበጣል፤ ያኔ ተመልሶ ማንበብ ሆነ። ሁልጊዜ በአንድ ተራ ይያዛል፤ ያኔ የፊተኛው ካርድ ለኋለኛው ይጠቁማል፣ ስለዚህ እንደ ካርታ ይበወዝ። አንዴ በተመለሰ ማግስት ይጣላል፤ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት እስኪመለስ መቆየት አለበት።

በቀናቱ መካከል ስንት ይሁን? ሴፔዳ እና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ጥናት ፈተናው 7 ቀን ለሚቀረው የተሻለው የክለሳ ክፍተት 1 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ 35 ቀን ለሚቀረው 11 ቀን፣ 350 ቀን ለሚቀረው 21 ቀን። ፈተናው በራቀ ቁጥር ክፍተቱም ይርቃል። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ተማሪ ይህን ለማድረግ ተጨማሪ ሰዓት አያስፈልገውም፤ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ይኑር እንጂ መንገዱ ራሱ ይበቃል። (መስኮት ዳር ተቀምጦ ሐረጎን ሳያዩ መውረድ ከባድ መሆኑን እናምናለን።)

«ከረሳሁት ልፋቴ ገደል ገባ»

ብዙ ጊዜ «ኤቢንግሃውስ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ሦስተኛውን ይረሳል ብሏል» ተብሎ ይጠቀሳል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ሥራ የፈተነው አንድ ሰው ነው፦ ራሱን። ያጠናውም ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ነው። የለካው ደግሞ የረሳውን ሳይሆን ቁጠባውን ነው፤ ዝርዝሩን እንደገና ለማጥናት ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ስንት ጊዜ ይተርፋል? ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 ገደማ፣ ከ31 ቀን በኋላም 21 ይተርፍ ነበር። ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ ሜዳ ይሆናል። ጨርሶ የጠፋ የመሰለው ነገር በሁለተኛው ዙር የሚፈጥነው ለዚህ ነው።

«በዓይኔ ያየሁትን አልሳሳትም»

ዳገቱ ላይ ሁለት መኪና ተጋጭቶ ሰው ሲሰበሰብ አንዱ «አይሱዙው ሲበር ነበር» ይላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ የተሰበሰበው ሁሉ ሲበር ያየ ይሆናል። ውሸት አይደለም፤ ትውስታ እንደ ቪዲዮ ተቀድቶ አይቀመጥም፣ በተጠራ ቁጥር ይገነባል። ሎፍተስ እና ፓልመር በ1974 የግጭት ፊልም አሳይተው ፍጥነቱን ጠየቁ። «ሲላተሙ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ 66 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገመቱ፣ «ሲነካኩ» የተባሉት 51። በሌላ ሙከራ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አያችሁ?» ሲባሉ፣ «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አዎ አሉ፤ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50ዎቹ 7ቱ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ስለዚህ ምስክር ለሽማግሌም ሆነ ለትራፊክ ፖሊስ ከመቅረቡ በፊት ከሌሎች ሳያወራ ያየውን ይጻፍ፤ ጠያቂውም «ምን አየህ?» ብሎ ይጀምር እንጂ «ይበር ነበር አይደል?» አይበል።

ቶሎ ቶሎ የሚያልፉት

«የምንጠቀመው 10 በመቶ አእምሯችንን ብቻ ነው።» ሐሰት።

«እኔ በማየት ነው የምማረው፣ እሱ በመስማት።» ምርጫ አለ፤ በምርጫው ቢማር ውጤቱ ይሻላል የሚለው ግን በማስረጃ አልቆመም።

«ሰው በአንድ ጊዜ 7 ነገር ይይዛል።» ሚለር በ1956 ያለው 7 ቁራጭ ነው፣ ኮዋን ደግሞ በ2001 ወደ 4 አወረደው። ቁራጭ ምን እንደሆነ በስልክ ቁጥር ይታያል፦ የአካባቢው መነሻ 033 ለደሴ ሰው አንድ ነገር ነው፣ ለእንግዳ ሦስት።

«ትውስታ አንድ ነው፤ ወይ አለህ ወይ የለህም።» ሄንሪ ሞሌይሰን በ1953 ለሚጥል በሽታ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና የሁለቱም ጎኖች ሂፖካምፐስ (አዲስ ትውስታ የሚያስይዘው የአንጎል ክፍል) በአብዛኛው ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር መያዝ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ስታለማምደው ግን በሦስት ቀን ውስጥ እጁ ሠለጠነ፤ ከዚህ በፊት መለማመዱን ጨርሶ ሳያስታውስ።

«አብሾ ጭንቅላት ይከፍታል»

ቅጠሉ ይኸው መጣ። ጠጥቶ የሚያብደውን «አብሾ አለበት» የሚለው ሰው፣ ያንኑ ነገር ለልጁ የትውስታ መድኃኒት አድርጎ መፈለጉ ይገርማል። በዚህ ስም ከሚሰጡት አንዱ አስተናግር የተባለው ተክል ነው፣ አጤ ፋሪስም ይባላል። በውስጡ ስኮፖላሚን እና አትሮፒን አለ፤ ሁለቱም አእምሮ አዲስ ነገር ለመያዝ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሥራውን ይከለክሉታል። እንዲያውም ተመራማሪዎች በሙከራ ወቅት መርሳትን ለማምጣት ሲፈልጉ የሚሰጡት ስኮፖላሚንን ነው። መጠኑ ከተክል ተክል፣ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ «ትንሽ ነው የሰጠሁት» የሚባል ነገር የለም።

የጠጣ ልጅ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ሽንት እምቢ ይለዋል፣ የሌለ ነገር እያየ ያወራል። ወተት በመጋትና በማስታወክ ጊዜ ሳይጠፋ በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የጠጣው ነገር ትራፊም ከነዕቃው አብሮ ይሂድ።